ልጆቼን ተራ መጠበቅ ላስተማሩልኝ እናት የቀረበ ምስጋና

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው፣ በአዲስ አበባ ሰሚት ኮንዶሚኒየም አካባቢ በመኖሪያ ቤታቸው ሕፃናትን የሚያውሉ አንዲት እናትን ለማመስገንና እንደ እኔ ለተጨነቁ ወላጆች ለመጠቆም ነው። ስማቸው በአደባባይ እንዲጠራ ስላልፈለጉ አልጠቅሰውም።

ወንዱ ልጄ 4 ዓመቱ ነው፤ እህቱ 2 ዓመት ተኩሏ ናት። በአንዲት ቀይ የመጫወቻ መኪና የተነሳ መነካከስና ፀጉር መጓተት የዕለት ተዕለት ኑሯችን ሆኖ ነበር። ሁለተኛ መኪና ብንገዛም ሁለቱም የሚፈልጉት ያንኑ ሌላው የያዘውን ነበር። ቀድሞ ይውሉበት በነበረው ማቆያ፣ ሌሎች ወላጆች እየሰሙ በር ላይ «ልጅሽ ክፉ ነው» ተብያለሁ። ቀጥሎ የወሰድኳቸው ቦታ ደግሞ የተጣሉበትን ዕቃ ነጥቆ ቁም ሳጥን ላይ ከመስቀል በቀር ሌላ ዘዴ አልነበረውም፤ ልጄም ሌሊት «የእኔ ነው!» እያለ ይባንን ጀመር። ያን ጊዜ ያለቀስኩትን እኔ ነኝ የማውቀው።

እኚህ እናት ዘንድ በሄድን በሦስተኛው ቀን ልጆቹን ልወስድ ስገባ በመኪናዋ ሲጓተቱ ደረስኩ። እሳቸው አልጮኹም፤ ማን እንደጀመረም አልጠየቁም። መሬት ላይ ቁጭ ብለው «ሁለታችሁም ፈልጋችኋታል» አሉና ልጄን «አንተ ይዘሃታል፤ ስትጨርስ ለእህትህ ትሰጣታለህ» አሉት። ትንሿን ደግሞ አቅፈው «ቀጥሎ ተራው ያንቺ ነው» እያሉ አብረዋት ጠበቁ። ብዙም ሳይቆይ ልጄ ማንም ሳያዝዘው ተነስቶ መኪናዋን እህቱ እግር ሥር አኖራት። ዓይኔን ማመን አቃተኝ።

ከዚያ ያደረጉት ግን ከልቤ አይጠፋም። ባዶ የጫማ ካርቶን አምጥተው «ለማንም የማትሰጠው፣ የብቻህ የሆነ ምን አለህ?» ብለው ጠየቁት። ልጄ አያቱ የሰጡትን ትንሽ የእንጨት ፈረስ አስቀመጠበት። እህቱ ከተወለደች ጀምሮ ከእኛ ከወላጆቹ የሰማው «ታላቅ አይደለህ? ስጣት» የሚል ብቻ ነበር፤ ያንተ የሚባል ነገር አለ ወይ ብሎ የጠየቀው አልነበረም። እኔ እናቱም አልጠየቅኩትም።

በዚህ ዕድሜ ያሉ ልጆች «የእኔ» ማለታቸው ስስት ሳይሆን ራሳቸውን የማወቅ ጅማሬ መሆኑን አስረድተውኛል፤ የቀረውን ማብራሪያ በሙሉ ተረድቼዋለሁ አልልም። የነገሩኝን ግን እፈጽማለሁ። እሑድ ቡና ሲፈላ በአቦል የቡና ቁርሱን ለእንግዶች የሚያዞረው ልጄ ነው፤ በቶና እህቱ ታዞራለች፤ በረካ ሲደርስ ሰሃኑን ሁለቱም በአንድነት ይይዙታል። ባለፈው እሑድ በቶና ጊዜ ልጄ ራሱ ሰሃኑን አንስቶ ለእህቱ ሲያቀብላት ባለቤቴ ስኒውን እንደያዘ ቀረ። ጠብ ፈጽሞ ጠፋ አልልም፤ ነገር ግን መናከሱ ቀርቷል፣ ልጄም በሰላም ይተኛል።

እናቴ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁን «ክፉ» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ተስፋ ሳትቆርጡ እሳቸውን አነጋግሩ፤ ደግሜ እላለሁ፣ አነጋግሯቸው። በውስጥ መስመር ለሚጠይቀኝ፣ እሳቸውን አስፈቅጄ አድራሻቸውን እሰጣለሁ። ቤታቸው ጠባብ በመሆኑ የሚቀበሉት ጥቂት ልጆችን ብቻ ስለሆነ አትዘግዩ።