ዘጌን ከእነ ደኑ እዩት

ባለፈው ቅዳሜ ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ በጀልባ ተሻገርን። የተከራየነው ጀልባ 40 ደቂቃ ዘግይቶ ነው የተነሳው፣ ይቅርታ ያለንም የለም። ዋጋውን ሳትሳፈሩ ጨርሱ።

አስጎብኚው ግን በጣም ጎበዝ ልጅ ነው። ወደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ስንወጣ በየመሀሉ ቆም እያለ ቡናውን፣ ጌሾውን፣ ሎሚውን አሳየን፤ ሦስቱም ከአቡነ በትረ ማርያም በትር በቀሉ የሚለውን ትውፊት ነገረን፤ እዚያ በሬ ጠምዶ ማረስ ነውር ስለሆነ ነው ደኑ እስከ ዛሬ የቆየው አለን።

እኔን ወዲያው የመካከለኛው አሜሪካ ነባር ሕዝቦች የሆኑት ማያዎች ትዝ አሉኝ። የጓቲማላው የፔቴን ጫካ ሲያዩት ሰው ያልነካው ይመስላል፤ ግን የጥንት ማያዎች ሲያርሱበት፣ እርከን ሲሠሩበት፣ ከተማ ሲቆረቁሩበት የኖሩ ናቸው። በ2018 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነ ከአውሮፕላን በሌዘር የተካሄደ ቅኝት ከቅጠሉ ሥር ከ60,000 በላይ የቤት፣ የመንገድና የሌላም ግንባታ ቅሪት አሳይቷል።

ዘጌ ላይ ደግሞ ደኑን የሚንከባከቡት ሰዎች ዛሬም እዚያው ናቸው፣ ቡናቸውን ከግቢያቸው ይለቅማሉ። ልቤን የነካኝ ይሄ ነው። አስጎብኚ አትዝለሉ፣ የማያንሸራትት ጫማ አድርጉ፣ በጠዋት ውጡ።