የፍሬን አየር ማውጫ የእጅ ፓምፕ፦ ለሐረጎ ቁልቁለት ምን ይጠቅማል?

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርድ ሞተር ሳይክል ፍሬኑ የሚፈተነው ሐረጎ ላይ ነው። 25 ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነ መንገድ ከ2,500 ሜትር ከፍታ ወደ 1,850 ሜትር ገደማ ይወረዳል። ሞተሩ፣ ነጂውና ከኋላ የተጫነው አንድ ላይ 300 ኪሎ ቢመዝኑ፣ ቁልቁለቱ የሚፈጥረው ጉልበት 5 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ አፍልቶ ይተርፋል። ከዚህ ውስጥ ነፋስና ከባድ ማርሽ ያልወሰዱት ሁሉ ዲስኩ ላይ ሙቀት ይሆናል፤ ከዲስኩም በሸራውና ሸራውን በሚገፋው ፒስተን አልፎ ወደ ፍሬን ዘይቱ ይገባል። ዘይቱ ከፈላ ወይም በዘይት መስመሩ ውስጥ አየር ከቀረ እጀታው ስፖንጅ ይሆናል፣ ፍሬኑም አይዝም፤ አሮጌውን ዘይትና አየሩን ማውጣት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ስለዚህ የምንገመግመው ዕቃ ከዚህ መንገድ አንጻር የሚታይ ነው። በአንድ እጅ እየተጨመቀ አየር የሚስብ ቫኪዩም ፓምፕ ነው፤ ከላዩ የግፊት ሰዓት፣ ከሥሩ ዘይት የሚጠራቀምበት ኩባያ፣ ከጎኑ ሁለት ሦስት ቱቦና የጎማ መግጠሚያዎች አሉት። የሚወዳደረው ደግሞ ዋጋው ከእሱ በጣም ከሚያንስ፣ ጫፉ ላይ የአንድ አቅጣጫ ቫልቭ ካለው ግልጽ ቱቦ ጋር ነው። ፍርዳችንን አስቀድመን እንናገር፦ ባዶ የሆነ መስመር ለመሙላት ፓምፑን የሚያክል የለም፤ ፍሬኑን ጨርሶ ለማጠንከር ግን ቱቦው ይበልጠዋል።

መጀመሪያ አንድ የሚያሳስት ነገር። መመሪያው የፓምፑ መርፌ 25 ኢንች ሜርኩሪ (ሰዓቱ የሚያሳየው የግፊት መለኪያ) እና ከዚያ በላይ እንዲደርስ ይጠብቃል። ደሴ ላይ አይደርስም። በ2,500 ሜትር ከፍታ ያለው የአየር ግፊት ራሱ 22 ኢንች ሜርኩሪ ገደማ ስለሆነ፣ ጥሩ ፓምፕም ከዚያ ሊያልፍ አይችልም። ኮምቦልቻ ሲወርድ ወደ 24 ይጠጋል። «ፓምፑ አይስብም» ብሎ ከመመለስ በፊት የቱቦውን ጫፍ በጣት ደፍኖ 15 ደርሶ አንድ ደቂቃ ሳይወርድ መቆየቱን ማየት ይበቃል። ለሥራውም 15 ከበቂ በላይ ነው።

ሁለተኛው ችግር የበለጠ ያደክማል። የአየር ማውጫ ብሎኑ (ካሊፐሩ፣ ማለትም ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጨብጠው ክፍል ላይ ያለው) ሲላላ ፓምፑ በብሎኑ ጥርስ ዙሪያ የውጭ አየር ይስባል። ቱቦው ውስጥ አረፋ ሳያቋርጥ ይታያል፤ ሠራተኛውም መስመሩ ውስጥ አየር አለ ብሎ ጠርሙሱን ሙሉ ዘይት ያፈስሳል። መላው ብሎኑን ነቅሎ ጥርሱ ላይ ብቻ፣ የሾለው ጫፍ ሳይነካ፣ ነጭ የቧንቧ ቴፕ አንድ ዙር መጠቅለል ነው። ያም ሆኖ በፓምፕ ሲሠራ የመጨረሻውን አረፋ በዓይን ለይቶ ማመን ይከብዳል። ሌላው ጣጣ ፍጥነቱ ነው፦ ትንሿን የፊት ዘይት መያዣ በጥቂት ጭመቃ ባዶ ያደርጋታል፤ ከላይ አየር ከገባ ሥራው እንደገና ከሀ ይጀምራል።

ዘይቱን በተመለከተ ምርጫው ግልጽ ነው። «ዶት» የፍሬን ዘይት ደረጃ ነው። ዶት 3 አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፤ ዶት 4 እስከ 230። እርጥበት ሲጠጡ ግን (መለኪያው 3.7 በመቶ ውሃ ነው) ወደ 140 እና 155 ይወርዳሉ። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል፤ በሐምሌና በነሐሴ ዝናብ ክዳኑ ተከፍቶ የዋለ ጠርሙስ ለፍሬን አይሆንም። ስለዚህ ትልቁን ጣሳ ገዝቶ ዓመት ሙሉ ከመቆንጠር 250 ሚሊ ሊትሩን ይግዙ፤ ለፊትና ለኋላ ዲስክ ይበቃል። ከክዳኑ ሥር ያለው ማሸጊያ ያልተቀደደ ይሁን። ዶት 3፣ ዶት 4 እና ዶት 5.1 ቢቀላቀሉ ጉዳት የለውም። ዶት 5 ግን ሲሊኮን ነው፤ ከእነዚህ ጋር አይቀላቀልም። የሞተር ወይም የመሪ ዘይት ጠብ ካለበት ጎሚኒዎቹ (የላስቲክ ማሸጊያዎቹ) ያብጣሉ፤ ያኔ ማስተሩም (እጀታው ዘይቱን የሚገፋበት ሲሊንደር) ካሊፐሩም ተፈትቶ ጎሚኒው ሁሉ መቀየር አለበት። የክዳኑ ውስጥ ላስቲክ አብጦ ቦታው አልገጥም ሲል ምልክቱ ይኸው ነው።

አሠራሩ። መሪውን አዙሮ የዘይት መያዣው አግድም እንዲሆን ማቆም፣ የቤንዚን ታንከሩን በእርጥብ ጨርቅ መሸፈን። የፍሬን ዘይት ቀለም ይልጣል፤ ከፈሰሰ ወዲያው በብዙ ውሃ ይታጠባል። የክዳኑ ብሎኖች ራሳቸው ቶሎ ስለሚበሉ በትክክል የሚገጥም ካቻቢቴ አጥብቆ ተጭኖ መፍታት ያስፈልጋል። አሮጌውን ዘይት በሲሪንጅ ከመያዣው መጥጦ፣ ጭቃውን በንጹሕ ጨርቅ ጠርጎ አዲስ መሙላት። ከዚያ ቀለበት ቁልፉ (በአብዛኛው 8 ቁጥር) ብሎኑ ላይ ይገባል፣ በላዩ ቱቦው። ቱቦው ጠባብ፣ ውስጡ 5 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሁን፤ የላላ ቱቦ አየር ያስገባል። ሌላው ጫፍ ትንሽ ዘይት ባለበት ጠርሙስ ውስጥ ይጠለቃል።

የፍሬን እጀታውን ቀስ ብሎ ስቦ መያዝ፣ ብሎኑን ሩብ ዙር መክፈት፣ እጀታው ሲወርድ መዝጋት፣ ከዚያ በኋላ ብቻ መልቀቅ። ቫልቭ ያለው ቱቦ ሲሆን በየጊዜው መክፈትና መዝጋቱ ይቀራል፤ ቢሆንም የመጨረሻዎቹን ጥቂት ጭመቃዎች በዚሁ በጥንቱ መንገድ መጨረስ ይሻላል፣ ርካሽ ቫልቭ አንዳንዴ ያፈስሳልና። በየአራት አምስት ጭመቃው መያዣውን ማየት። ለአንድ ዲስክ 100 ሚሊ ሊትር ገደማ ካለፈ በኋላ ዘይቱ ጠርቶ መምጣት አለበት። ብሎኑ ትንሽና ውስጡ ክፍት ስለሆነ በቀላሉ ይሰበራል፤ ሳይታገሉ እስኪጠብቅ ብቻ።

እዚህ ላይ ብዙ ጋራዥ የሚዘልለው ነገር አለ። ማስተሩ ዓመታት ያገለገለ ከሆነ እጀታውን እስከ መሪው ድረስ መሳብ አደገኛ ነው። ፒስተኑ በአዘቦት ቀን የማይደርስበት የሲሊንደሩ ክፍል ዝጎ ይሻክራል፤ ጎሚኒው እዚያ ላይ ሲሄድ ይቧጨራል። «አየር ወጥቶለት ባሰበት» የሚባለው ፍሬን ብዙ ጊዜ እንዲህ የተጎዳ ነው። ከእጀታው ጀርባ አንድ እንጨት ማሰር ጉዞውን ያሳጥረዋል። ፓምፑ እጀታ ሳይነካ ስለሚስብ በዚህ በኩል ነጥብ ያገኛል።

አሁንም ስፖንጅ ስፖንጅ ካለ፣ አየሩ በአብዛኛው የተደበቀው ማስተሩ ላይ ባለው የቱቦ መጋጠሚያ ነው፤ ከሁሉ ከፍ ያለ ቦታ ስለሆነ ወደ ታች አይወርድም። እጀታውን ይዞ የዚያን ብሎን በጨርቅ ሸፍኖ ለአፍታ ማላላትና ማጥበቅ ያወጣዋል። ቱቦው ከተፈታ ግን በሁለቱም ጎን ያሉት የመዳብ ሮንዴላዎች (ማሸጊያ ቀለበቶች) ይቀየራሉ።

አየር ማውጣት የማይፈታውን ችግር ለይቶ ማወቅ ገንዘብ ያድናል። እጀታው ደጋግመው ሲስቡት የሚጠነክር ከሆነ አየር ነው። አጥብቀው ይዘውት ቀስ እያለ የሚሰምጥ፣ ውጭ ግን የማያፈስስ ከሆነ የማስተሩ ጎሚኒ አልቋል። ጠንካራ ሆኖ የማይዝ ከሆነ ሸራው ዘይት ነክቶታል ወይም ተቃጥሎ አብረቅርቋል። ጠዋት ደሴ ላይ ደህና የነበረው ሐረጎ ወገቡ ላይ ጠፍቶ ኮምቦልቻ ሲቀዘቅዝ ከተመለሰ፣ ዘይቱ ውስጥ ያለው ውሃ ፈልቶ እንፋሎት ሆኖ ነበር፤ ለዚህ መድኃኒቱ ሙሉ በሙሉ አዲስ ዘይት ነው።

ፍሬኑ ሳይያዝ ራሱ እየያዘ ጎማው ከከበደስ? መያዣው ወለል ላይ ካሉት ቀዳዳዎች ትንሿ፣ የመርፌ ጫፍ የምታክለው፣ ተደፍናለች ማለት ነው። ዘይቱ ሲሞቅ ይሰፋል፣ የሚመለስበት ሲያጣ ሸራውን ይገፋል፣ ሸራው ሲገፋ ይበልጥ ይሞቃል። እጀታው ነጻ ጨዋታ እንዳይኖረው ተደርጎ ከተወጠረም ፒስተኑ ይህችኑ ቀዳዳ ይሸፍናታል፤ ውጤቱ አንድ ነው።

ጠጠር መንገድ የሚውል ሞተር ላይ ደግሞ ሸራ ሲቀየር የፒስተኑ ዙሪያ በጥርስ ብሩሽና በሳሙና ውሃ ሳይጸዳ ወደ ውስጥ አይገፋ፤ አሸዋው ጎሚኒውን ይቆርጠዋል። ቤንዚን ለዚህ አይሆንም፣ ላስቲክ ያሳብጣል። ካሊፐሩ የሚንሸራተትባቸው ሁለት ፒኖች ከደረቁ አንዱ ሸራ ብቻ ያልቃል፤ የሲሊኮን ግሪስ በስሱ ይቀባሉ። ሸራው 1 ሚሊ ሜትር ሳይደርስ ይቀየር። የዲስኩ ዝቅተኛ ውፍረት ራሱ ዲስኩ ላይ ተቀርጿል። ዘይቱ በየሁለት ዓመቱ፣ ሐረጎን በየቀኑ ለሚመላለስ በየዓመቱ፣ ክረምቱ እንደወጣ መስከረም ላይ ቢለወጥ ይመረጣል።

ስለዚህ አንድ ሞተር ላለው ሰው ቱቦው፣ 8 ቁጥር ቁልፍና ያልተከፈተ ዶት 4 ይበቃሉ። ፓምፑ የሚገባው ካሊፐር እየፈታ ባዶ መስመር ለሚሞላ ጋራዥ ነው፤ እሱም ኩባያውን ከእያንዳንዱ ሥራ በኋላ በውሃ አጥቦ አድርቆ ካስቀመጠው፣ ዘይቱም ኩባያውን ሞልቶ ወደ ፓምፑ ሆድ እንዳይገባ ከተጠነቀቀ ነው የሚቆይለት።