ባሕር ዳር፦ ሰዉ ጎበዝ፣ ቅንጅቱ ገና

ከሜሪላንድ መጥቼ ባሕር ዳር ከርሜ መመለሴ ነው። ስለ ሆቴሉና ስለ ጣና ጀልባ የሚጽፍ ሞልቷል። እኔ የምጽፈው ማንም ወዶ ስለማይጠቀምበት አገልግሎት፣ ስለ መኪና አደጋ እርዳታ ነው። ዓባይ ማዶ ላይ የእህቴ ልጅ የተሳፈረበትን ባጃጅ አይሱዙ ገጨው።

ቀድመው የደረሱት ባጃጅ ነጂዎች ናቸው። አንዱ ቅጠል ያለው ቅርንጫፍ ዘንጥሎ ራቅ አድርጎ አስፋልቱ ላይ ጣለ፤ ከኋላ የሚመጣ ሹፌር እንዲጠነቀቅ። ሌላው ልጁን ብድግ ሊያደርገው ሲል አንድ ሽማግሌ "ተው ልጄ፣ አንገቱን እንዳትነካው!" አሉት። እግዜር ይስጣቸው።

ጣጣው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አንዱ "907 ደውሉ" ይላል፣ ሌላው "991"። 907 አምቡላንስ፣ 991 ፖሊስ ነው። ለአንዱ የነገርነው ለሌላው ስላልደረሰ ቦታውን ደጋግመን አስረዳን። ፕላን (የአደጋው ቦታ ንድፍ) ሳይነሳ መኪና አይነቃነቅም ተባለና መንገዱ ተዘጋ። አምቡላንሱ ከሰልፉ ኋላ ቆሞ ይጮኻል። ትራፊክ ፖሊሷ ደርሳ የጎማውን ቦታ በኖራ ስታሰምር፣ ሜትር ዘርግታ ስትለካ ጥንቃቄዋን አደነቅኩ። ማስረጃው ለፍርድ ቤትም ለኢንሹራንስም ያስፈልጋል። ግን መጀመሪያ ለአምቡላንሱ አንድ መስመር ማስከፈት ይቻል ነበር። ይህን የሚነግራት ሰው አልነበረም።

ሆስፒታሉ መምጣታችንን አያውቅም። ነርሷ አደጋው እንዴት እንደደረሰ የጠየቀችው እኔን ነው። ሐኪሞቹ ግን ልጁን ባዩበት ቅጽበት ተረባረቡ፤ ምስጋናዬ ከልብ ነው። ካርድ ክፍል ደግሞ "የፖሊስ ወረቀት አምጡ" አለን። ወረቀቱ ያለው ዓባይ ማዶ! በሕግ የመኪና አደጋ ተጎጂ ድንገተኛ ሕክምና የማግኘት መብት አለው። ይህን መብት ለማስከበር ዘመድ ከተማውን መዞር የለበትም።

እኔ በምኖርበት አገር 911 ላይ የሚደወል አንድ ጥሪ ፖሊሱንም፣ እሳት አደጋውንም፣ አምቡላንሱንም ያንቀሳቅሳል። አምቡላንሱ መንገድ ላይ እያለ የተጎጂውን ሁኔታ ለሆስፒታል ያሳውቃል። ፖሊስ፣ እሳት አደጋ፣ የመንገድ ሠራተኛና መኪና ጎታች አብረው ይሠለጥናሉ፤ አደጋ ቦታ ላይ ማን ምን እንደሚሠራ ቀድመው ይስማማሉ።

ለዚህ ባሕር ዳር ውድ መሣሪያ አያስፈልጋትም። ትራፊክ ፖሊስ፣ አምቡላንስና የሆስፒታሎቹ ድንገተኛ ክፍል ተረኞች ስልክ ይለዋወጡ። ፖሊስ የአደጋውን መረጃ በቀጥታ ለሆስፒታሉ ይላክ። በወር አንድ ቀን አብረው ይለማመዱ። የባጃጅ ማኅበራትም ይጠሩ፤ ቀድመው የሚደርሱት እነሱ ናቸውና።