ዓሣው አለፈ፣ ኩገሉ ወደቀ

የእስራኤሏ የሃይማኖተኞች ከተማ ብኔ ብራቅ ሄዶ ቾለንት፣ የአይሁዶችን የሰንበት ወጥ፣ መብላት የፈለገ ሰው ሐሙስ ማታ ይሂድ። ራቢ አኪቫ መንገድ አካባቢ የሰንበት ድስት የሚጣደው ያን ጊዜ ነው። እኛ የገባንበት ቤት ጠባብ ነው፤ አምስት ጠረጴዛ ቢኖረው ነው። እኛ ስል እኔና የምንከባከባቸው የ95 ዓመት እናት ነን። ሳፍታ ነው የምላቸው፤ በዕብራይስጥ አያት ማለት ነው። ተወልደው ያደጉት ፖላንድ፣ ሎድዝ ከተማ ነው። ዳኝነቱን ለሳቸው ለቀቅኩ። በሰንበት ቀዝቃዛ ምግብ በልቼ ያደግሁ የጎንደር ልጅ፣ ስለ ቾለንት ምን አውቃለሁ?

መጀመሪያ ገፊልተ ፊሽ መጣ። የተፈጨ የካርፕ ዓሣ ነው፤ ላዩ ላይ ክብ ካሮት፣ ዙሪያውን የረጋ መረቅ። ሳፍታ ካሮቱን በሹካ ገለል አድርገው ከመረቁ ጀመሩ። ከዚያ ዓሣውን ክሬይን አስነክተው ቀመሱ። ክሬይን በቀይ ሥር የቀላ ማባያ ነው፤ አፍንጫ ድረስ ይወጣል፣ ሰናፍጭን ያስንቃል።

«ስኳር አለው» አሉ። ፊታቸው በራ። የፖላንድ አይሁዶች ዓሣውን ያጣፍጡታል፣ የሊትዌኒያዎቹ ቁንዶ በርበሬ ያበዙበታል። ሳፍታ በዚህ ጉዳይ ድርድር አያውቁም።

ቾለንቱ ቦሎቄ፣ ገብስ፣ ድንችና ሥጋ ነው። ብዙ ሰዓት ስለበሰለ ገብሱ ሟሙቶ መረቁን አወፍሮታል። ሎድዝ እያሉ እናታቸው ዓርብ ከሰዓት ድስቱን ዳቦ ጋጋሪው ምድጃ ውስጥ ያሳድሩት ነበር፤ የሰፈሩ ድስት ሁሉ እዚያ ነው የሚያድረው። ቅዳሜ የሚያመጡት ልጆች ናቸው። አንዴ ሳፍታና ወንድማቸው የጎረቤት ድስት ይዘው ገቡ። «የእነሱ ሥጋ ይበዛል፤ ዝም ብለን በላን» ብለው ከት ብለው ሳቁ።

እ.ኤ.አ. 1940 ላይ ናዚዎች የሎድዝ አይሁዶችን ጌቶ በሚባል የታጠረ ሰፈር ዘጉባቸው። እዚያ የድንች ልጣጭ እንኳን በሐኪም ወረቀት የሚታደልበት ጊዜ ነበር። የዚህ ቤት ድንች ከነልጣጩ ነው የሚገባው። እኔ ልጣጩን ወደ ሳህኔ ዳር ስገፋ፣ ሳፍታ ወሬያቸውን ሳያቋርጡ አንስተው በሉት።

ኩገሉ ግን ወድቋል። በተቃጠለ ስኳርና በቁንዶ በርበሬ የሚጋገር ፓስታ ነው። የመጣልን ዳሩ የደረቀ፣ ማይክሮዌቭ ውስጥ እንደሞቀ የሚያስታውቅ ነበር። «ይሄ ድሮም የኢየሩሳሌም ሰዎች ነገር ነው» ብለው ገፉት። አስተናጋጁም ገና ሳንጨርስ ጠረጴዛ መጥረግ ጀመረ፤ ምን እንዳቻኮለው እንጃ።

ለሁለት 140 ሼቅል ከፈልን። ለቾለንቱና ለዓሣው አይቆጭም። ሽንት ቤቱ በደረጃ ስለሚወረድ፣ አዛውንት ይዞ የሚሄድ ያስብበት።