ኦርጋኒክ ማፕስን ድሬዳዋ ላይ አራት ወር ተጠቅሜ ያየሁት

ስራዬ ቤት ለቤት መረጃ መሰብሰብ ነው። ታብሌት ይዤ ከሳቢያን እስከ ገንደ ቆሬ በር አንኳኳለሁ። ድሬ ላይ አድራሻ እንዴት እንደሚነገር ታውቃላችሁ። "ከመስጊዱ ጀርባ፣ ባጃጅ ከሚቆምበት ገባ በይና ሰማያዊ በር" ይሉሻል፤ ስትደርሺ ሰማያዊ በር አራት ታገኛለሽ። በዚያ ሙቀት ለአንድ ቤት ሁለቴ ሦስቴ መመላለስ ምን እንደሆነ የሰራበት ያውቀዋል። ኦርጋኒክ ማፕስ የሚባለውን የካርታ አፕ የጫንኩት ለዚህ ነው። አሁን አራት ወር ሆነኝ። ስለ ካርታው ብቻ ልጽፍ ነበር የተነሳሁት፤ ግን መሀል ላይ አንድ ነገር ደረሰ፣ እሱንም እጽፈዋለሁ።

መጀመሪያ አፑ። ነፃ ነው። ማስታወቂያ የለውም። ስልክ ቁጥር አይጠይቅም፣ ኢሜይል አይጠይቅም፣ ከፍቶ መጠቀም ነው። ካርታው የሚመጣው ከኦፕን ስትሪት ማፕ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ በጎ ፈቃደኞች መንገድ በመንገድ እየሳሉ የሚያሳድጉት የዓለም ካርታ ማለት ነው። አንዴ ዋይፋይ ያለበት ቦታ ካወረዳችሁት ኢንተርኔት ቢጠፋም ፍለጋውም መንገድ ማሳየቱም ይሰራል።

ሞከርኩት። ከዚራ ባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት ቆሜ ዳታ ዘጋሁ፣ ዋይፋይ ዘጋሁ፣ ከዚያ በእግር ቀፊራ ገበያ ውሰደኝ አልኩት። የደቻቱን ወንዝ አሻግሮ መጋላ ውስጥ አስገባኝ። ብዙ ሰው ጂፒኤስ ያለ ኢንተርኔት አይሰራም ብሎ ያስባል፤ ጂፒኤስ ሲበራ ደግሞ ሳተላይቱ ያየናል ይላል። እንደዚያ አይደለም። ስልካችን ከሳተላይት ሲግናል ይቀበላል እንጂ ወደ ሳተላይቱ የሚልከው ነገር የለም። ያለንበትን ቦታ አውጥቶ ለሌላ የሚሰጠው አፑ ነው። ስለዚህ መጠየቅ ያለብን የትኛው አፕ እንደከፈተውና ለማን እንደሚነግረው ነው። ይሄኛው የት እንደዋልኩ ለማንም አይነግርም። ለዚህ ብቻ አምስት ኮከብ ሰጥቼዋለሁ።

ጓደኞቼ "አቦ፣ የኔን ቦታ ማን ምን ያደርገዋል?" ይሉኛል። ይህን ለሚል ሰው እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ አንድ ጥናት እነግረዋለሁ። ተመራማሪዎች የ1.5 ሚሊዮን ሰዎችን የ15 ወር የሞባይል እንቅስቃሴ አዩ። ስም የለበትም። ግን ቦታና ሰዓት የያዙ አራት ነጥቦች ብቻ 95 በመቶውን ሰው ከሌላው ለይቶ ለማውጣት በቂ ሆነው ተገኙ። ወደኛ ላምጣው። ማታ አዲስ ከተማ የሚያድር፣ ጠዋት ከዚራ አንድ ቢሮ የሚገባ፣ ከሰዓት ታይዋን ገበያ ሱቅ የሚቀመጥ፣ አርብ አርብ ለገሃሬ እናቱን የሚጠይቅ ሰው ስንት ይሆናል? አንድ ነው። ስሙን ባትጽፉትም ሰፈሩ ያውቀዋል።

የስትራቫም ታሪክ እንደዚሁ ነው። የስፖርት አፕ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 መጨረሻ አካባቢ ተጠቃሚዎቹ የሮጡበትን መንገድ ሁሉ ደምሮ፣ ስማቸውን አስቀርቶ፣ በአንድ የዓለም ካርታ ላይ አሳየ። በ2018 ጃንዋሪ አንድ አውስትራሊያዊ ተማሪ ሲመለከተው ሰው የማይኖርበት በረሃ ውስጥ የሚያበሩ መስመሮች አገኘ። ወታደሮች በካምፓቸው ዙሪያ ሲሮጡ የተመዘገበ ነበር። ስማቸው የትም የለም፤ ካምፑ ግን ታወቀ።

አሁን እኛ ጋ ወደ ደረሰው።

ባለፈው ዙር የምንሞላው የጤና መጠይቅ ነበር። የመስሪያ ቤቱን ስም አልጽፍም። እንደገና ለምንመለስባቸው ቤቶች አፑ ላይ ምልክት አደርግ ነበር፤ ቤቱ ላይ ነጥብ፣ ከስሩ አጭር ማስታወሻ። አፑ ይህን ሁሉ በአንድ ፋይል አውጥቶ ለሌላ ሰው ለመላክ ያስችላል፣ ለስራ በጣም ምቹ ነው። ከቡድናችን አንዱ የራሱንም የኛንም ሰብስቦ ቴሌግራም ግሩፑ ላይ ለቀቀው። ግሩፑ ውስጥ 33 ሰው አለ። ስራ የለቀቁ አሉበት፣ የመኪናችን ሾፌርም አለበት። ነጥቡን ስትነኩት የሰው ቤት ይወጣል፣ ከስሩ "መድኃኒት ጀምራለች፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ" ይላል። "ስም እኮ የለበትም" ተባለና ሁሉም ዝም አለ። እኔም ዝም አልኩ።

ሁለት ሳምንቱ ሲደርስ ከነዚያ ቤቶች ወደ አንዱ ተመለስኩ። እናትየዋ ደጃፍ ላይ ከሰል እያቀጣጠሉ ነበር። "ነይ ግቢ" አሉኝ። ከዚያ ማራገቢያውን መሬት አስቀመጡና ቀና ብለው አዩኝ።

"ያን ቀን ቤቴን በስልክሽ ያዝሽው አይደል? ስሜን እንደማትጽፊ ነግረሽኛል ልጄ። ቤቴስ? ቤቴ ማን ጋ ነው ያለው?"

ቶሎ መልስ አልመጣልኝም። ስልኬን አውጥቼ ነጥባቸውን አሳየኋቸው፣ እዚያው ፊታቸው አጠፋሁት። "በቃ ጠፋ?" አሉ። ከኔ ስልክ ጠፍቷል፣ ከሌሎቹ 32 ስልኮች ግን መጥፋቱን አላውቅም አልኳቸው። ሌላ ነገር ብላቸው ውሸት ነበር። ምንም አላሉም። ማራገቢያውን አነሱ።

ጥፋቱ የአፑ አይደለም። አፑ አደራውን ጠብቋል፤ አሳልፈን የሰጠነው እኛ ነን። እኔን የሚያናድደኝ ደግሞ መላ የሌለው ነገር አለመሆኑ ነው። የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳን ውሰዱ። እ.ኤ.አ. የ2005፣ የ2011 እና የ2016 ዳሰሳዎች የኤችአይቪ ምርመራም ነበራቸው። ታዲያ የቦታው መረጃ ለተመራማሪ ከመሰጠቱ በፊት ሆን ተብሎ ይዛባል። መጀመሪያ ነገር የቤት ነጥብ የሚባል አይሰጥም፣ የቆጠራ ቦታው፣ ማለትም ብዙ ቤቶችን አንድ ላይ የያዘው አካባቢ፣ መሀል ብቻ ነው ያለው። ከዚያ ያ ነጥብ እንደ ዕጣ በወጣ አቅጣጫ ይገፋል፤ ከተማ ላይ እስከ 2 ኪሎ ሜትር፣ ገጠር ላይ እስከ 5 ኪሎ ሜትር፣ ከገጠሮቹ ነጥቦች ከመቶ አንዱ ደግሞ እስከ 10 ኪሎ ሜትር።

ገጠሩ ለምን ራቅ ይላል? ሐረር ጁገልን አስቡ። ግንቡ ውስጥ ያለው በሙሉ 48 ሄክታር ነው፣ ቤት ከቤት ተደጋግፎ የቆመበት። እዚያ ነጥቡን 100 ሜትር ብታንቀሳቅሱት ስንት ቤት መሀል ገብቶ ይጠፋል፤ 2 ኪሎ ሜትር ብትገፉት ደግሞ ከግንቡ ወጥቶ ሌላ ቦታ ያርፋል። ወደ ድሬ ገጠር፣ ወደ ቢዮ አዋሌ ስትወጡ ግን 100 ሜትር ገፍታችሁ ምንም አልደበቃችሁም፤ በዚያ ዙሪያ ያለው ቤት ያው አንዱ ብቻ ሊሆን ይችላል። ሰውን የሚደብቀው የጎረቤቱ ብዛት ነው። ሜትር ብቻ ቆጥሮ "ደበቅነው" ማለት አይቻልም።

ቁጥሩም ላይ ያው ነው። ካርታው ላይ ነጥብ ስትነኩ ቦታው የት እንደሆነ የሚናገር ቁጥር፣ 9 ነጥብ ምናምን፣ 41 ነጥብ ምናምን የሚል ይወጣል። ከነጥቡ በኋላ አምስት አሃዝ ካለ በሩ ላይ ቆማችኋል ማለት ነው። አራት ሲሆን ወደ 11 ሜትር፣ ሦስት ሲሆን ወደ 110 ሜትር፣ ሁለት ሲሆን ከአንድ ኪሎ ሜትር ትንሽ ይበልጣል። ለሪፖርቱ ሁለት አሃዝ እየበቃ ስድስቱንም የምንልከው ታብሌቱ ስለሰጠን ብቻ ነው።

ሕጉም አለ እኮ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ቆይቷል። እኛ ጋ ስልጠና ላይ ሲነሳ ግን ሰምቼ አላውቅም።

እኔ አሁን ማስታወሻው ላይ ቁጥር ብቻ ነው የምጽፈው። ቁጥሩ የማን ቤት እንደሆነ የሚለው ወረቀት ሱፐርቫይዘሯ ጋ ይቀመጣል፣ ስልክ ውስጥ አይገባም። ዙሩ ሲያልቅ ነጥቦቹን አጠፋለሁ። ፎቶም እንደዚሁ ነው፤ ቴሌግራም ላይ በተራው መንገድ እንደ ፎቶ ከላካችሁት ውስጡ ያለው የቦታ መረጃ ይወጣል፣ እንደ ፋይል ከላካችሁት ግን አብሮ ይሄዳል፣ እና ለጥራት ብለን ሁሌ እንደ ፋይል ነበር የምንልከው። ከስራ ውጭም ቢሆን ለባጃጅ ሎኬሽን ስሰጥ በሬን ትቼ ማዕዘኑን ነው የምልከው። ቤተሰብ "የት ደረስሽ" ብሎ ላይቭ ሎኬሽን ከጠየቀኝ 15 ደቂቃውን እመርጣለሁ፤ ስምንት ሰዓቱን ነክታችሁ ከረሳችሁት ቀናችሁን ሙሉ ሰጣችሁ ማለት ነው።

ወደ አፑ ልመለስ። የትራፊክ መጨናነቅ አያሳይም፣ ድሬ ላይ ይህ ብዙ አይጎዳም። በጎ ፈቃደኞቹ ያልሳሉት ሰፈር ካለ ካርታው ላይ የለም። ከአፑ ሆናችሁ የጎደለ ሱቅ ወይም ፋርማሲ መጨመር ትችላላችሁ፣ ለዚያ ግን የኦፕን ስትሪት ማፕ አካውንት ያስፈልጋል። አካውንቱን ስትከፍቱ በራሳችሁ ስም አትክፈቱት። የምታስተካክሉት ሁሉ ከተጠቃሚ ስማችሁና ከሰዓቱ ጋር ለማንም ይታያል፣ ሰው ደግሞ መጀመሪያ የሚያስተካክለው የራሱን ሰፈር ነው። ሱቅና ትምህርት ቤት ጨምሩ፣ የግለሰብ ቤት ላይ የሰው ስም አትጻፉ፤ የካርታው ማኅበረሰብም ይህን አይፈቅድም። ከዚሁ አፕ ተገንጥሎ እ.ኤ.አ. በ2025 ኮማፕስ የሚባል ሌላ ወጥቷል፣ እሱን ገና አልሞከርኩትም።

ቤት ለቤት ለምትሰሩ፣ ዕቃ ለምታደርሱ፣ ሐረርን በእግር ለማየት ለምትመጡ፣ ጫኑት።

ያ ፋይል ከግሩፑ እንዲነሳ ጠይቄ ተሰርዟል። ቀድሞ ያወረደው ሰው ስልክ ላይ ግን አሁንም አለ። ካወረዳችሁት መሀል ይህን የምታነቡ ካላችሁ እባካችሁ አጥፉት። አፑ ላይ ከፍታችሁት ከሆነ ነጥቦቹ እዚያም ገብተዋል፣ ፋይሉን ብቻ ማጥፋት አይበቃም፤ ገብታችሁ ዝርዝሩን ከነጥቦቹ ጋር ሰርዙት።