የጊታሬን ድምፅ የመለሱልኝን ሰው ልጠቁማችሁ

ፒክአፕ ስል ዕቃ የምትጭነውን መኪና አይደለም። ኤሌክትሪክ ጊታር ላይ ከክሮቹ ስር ያለችውን፣ ማግኔት ላይ ብዙ ሺህ ጊዜ የተጠመጠመ ቀጭን የመዳብ ሽቦ ያለባትን ማለቴ ነው። ስምንት ወር ያንገበገበችኝ እሷ ናት።

የሰርግ ባንድ ውስጥ ሊድ ጊታር እጫወታለሁ። ጊታሬ የስትራቶካስተር ቅጂ ነው፤ ሦስት ፒክአፕ አለው፦ የአንገቱ፣ የመሀሉና የድልድዩ። ድምፁ ሲሳሳብኝ እህቴ ከአሜሪካ ስትመጣ "ጉልበት አላቸው" የተባሉ ባለ ሴራሚክ ማግኔት ፒክአፖች አስመጣሁና አንድ ሱቅ አስገጠምኳቸው። ባሰበት። ወፍራሙን ክር ከ12ኛው ፍሬት (አንገቱ ላይ ከተደረደሩት የብረት ዘንጎች) በላይ ስይዘው ድምፁ ይንቀጠቀጣል። የአንገቱና የመሀሉ አብረው ሲሰሩ ደግሞ ቆርቆሮ የምመታ ነው የሚመስለው። የባንዱ መሪ "አንተ፣ ለምን ክራር አትይዝም?" እስኪለኝ ድረስ።

እኚህን ጊታር ጠጋኝ ጋሼ የጠቆመኝ ኪቦርዲስታችን ነው። ሌላ ፒክአፕ ልገዛ ብር ይዤ ሄድኩ፤ መደርደሪያቸው ላይም ነበራቸው። እሳቸው ግን "ቆይ እስቲ፣ መጀመሪያ ባቲ ተጫወትልኝ" አሉኝ፤ ያውም ያለ አምፕሊፋየር! ጎንበስ ብለው ጆሯቸውን እንጨቱ ላይ አስጠግተው ሰሙኝ። ከዚያ በአምፕ አስደገሙኝ።

"ልጄ፣ ማግኔቱ ክሩን እየጎተተው ነው።"

ወፍራሙን ክር የመጨረሻው ፍሬት ላይ አስጫኑኝና ከክሩ እስከ ፒክአፑ ያለውን ክፍተት በማስመሪያ ለኩት። አንድ ሚሊ ሜትር አይሞላም። በካቻቢቴ ሩብ ዙር ዝቅ ያደርጉና "ምታ" ይሉኛል፤ ደግሞ ሩብ ዙር፣ "ምታ"። በወፍራሙ ክር በኩል 2.5፣ በቀጭኑ በኩል 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲደርስ መንቀጥቀጡ ጠፋ። ስምንት ወር የተሰቃየሁት በብሎን ነው!

የቆርቆሮውን ድምፅ ምክንያት ያገኙት በአሮጌ ባለ መርፌ ቴስተር ነው። ካቻቢቴውን የአንገቱ ፒክአፕ ላይ አስነክተው ድንገት ሲያነሱት መርፌዋ ወደ ቀኝ ትዘላለች፤ የመሀሉ ላይ ሲያደርጉት ግን ወደ ግራ። ሱቁ የመሀሉን ሁለት ሽቦዎች አገላብጦ በይዷቸው ኖሮ፣ አብረው ሲሰሩ አንዱ የሌላውን ድምፅ ይበላ ነበር።

ከዚያ ቦርሳዬ ውስጥ የነበሩትን የድሮዎቹን ፒክአፖች የሽቦ ሬዚስታንስ ለኩ። 6 ኪሎ ኦም ገደማ ናቸው፤ አዲሶቹ 13። "አዲሶቹ ዲስቶርሽን፣ ያን ሻካራ የሮክ ድምፅ፣ ለሚወድ ይሆናሉ። አንተ ግን ባቲና አንቺሆዬ ስትቆነጥር እያንዳንዷ ኖታ ተለይታ መሰማት አለባት" አሉኝና የአንገቱንና የመሀሉን የድሮዎቹን መለሱ። አዲሱ የድልድዩ ብቻ ቀረ። መርፌዋ ለሦስቱም ወደ አንድ አቅጣጫ መዝለሏን ሳያረጋግጡ አልከደኑትም።

ከመብራቱ ኤሌክትሪክ የሚመጣው ጉምጉምታስ ይጠፋል ወይ አልኳቸው። ውስጡን በመዳብ ወረቀት ለበጡት፣ ግን አልዋሹኝም። ባለ አንድ ጥቅልል ፒክአፕ የመብራቱን 50 ኸርዝ መልቀሙ አይቀርም፤ የጊታር አምራቹ ጊብሰን መሐንዲስ ሴዝ ላቨር በ1955 እ.ኤ.አ. ሁለት ጥቅልል አጣምሮ ሀምበከርን የሰራው ለዚሁ ነው አሉኝ። የእኔ የመሀሉ በተቃራኒ የተጠመጠመ፣ ማግኔቱም የተገለበጠ ስለሆነ፣ ከአንገቱ ጋር ሲሰራ ጉምጉምታው ጸጥ ይላል። ብቻውን ሲሆን አሁንም አለ፤ ቀንሷል እንጂ።

የእጃቸውን 1,500 ብር ብቻ ተቀበሉኝ፤ ከመደርደሪያው ምንም አልሸጡልኝም። አንድ ቅሬታ አለኝ፦ ሁለት ቀን ያሉት ስድስት ቀን ፈጀ፣ አንድ ሰርግ በተዋስኩት ጊታር ተጫወትኩ።

ያለፈው ቅዳሜ በራሴ ጊታር ስጫወት የባንዱ መሪ ዞር ብሎ አየኝና ምንም ሳይል ተመለሰ። እሱን የምታውቁት ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባችኋል።

ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ! ስልካቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጠይቁኝ። የድሮ ፒክአፓችሁን ሳትጥሉ ይዛችሁ ሂዱ። ጠዋት ጠዋት ግን አትደውሉላቸው፣ አያነሱም።