የሙዚየም ማሳያ ሳጥን ለምታሠሩ፦ አዳማ ላይ ጥሩ ባለሙያ አለ

የሰፈራችን ትንሽ የታሪክ ሙዚየም ከአንድ መደርደሪያ ወደ ሙሉ ክፍል ሲያድግ ዕቃው በዝቶ ማስቀመጫው ጠፋ። ከዚህ ጭንቅ ያወጣንን የብረትና የመስታወት ሠራተኛ በአደባባይ ማመስገን ይገባናል።

ሜትሩን ከመዘርጋቱ በፊት «ውስጡ ምን ይገባል?» ነው ያለው። አዳማ ከሐዲዱ ጋር ያደገች ናትና፣ ካሉን ዕቃዎች መካከል የባቡር ፉርጎ የሚታሸግባቸው የእርሳስ ማኅተሞች አሉ። እ.ኤ.አ. በ1954 ሥራ ከጀመረው የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሠራተኞች የተሰበሰቡ የደመወዝ ወረቀቶችና ፎቶዎችም አሉን። ማኅተሞቹ በድሮው የችፑድ ሳጥን ውስጥ ነጭ ዱቄት አውጥተው ነበር። ችፑድና ኤምዲኤፍ (ከደቀቀ እንጨትና ኮላ ተጨምቆ የሚሠራ ጣውላ)፣ እንጨቱም ኮላውም፣ አሲድነት ያለው ትነት ይለቃሉ፤ በዝግ ቦታ ሲጠራቀም እርሳስን ይበላል፣ ወረቀትንም ይጎዳል።

ስለዚህ ፍሬሙን በ25 በ25 ሚሊ ቱቦላሬ (ውስጡ ክፍት የሆነ ባለአራት ማዕዘን ብረት)፣ ወለሉን በላሜራ ሠራው። ዱኮ ከቀባው በኋላ አራት ሳምንት ሙሉ ክፍት ሆኖ እንዲናፈስ አደረገ። ሲሊኮኑንም መርጦ ነው የገዛው። ሲደርቅ አቼቶ አቼቶ የሚሸተው ዓይነት የሚለቀው ያንኑ አሲድ ስለሆነ፣ «ኒውትራል» የሚል የተጻፈበትን ተጠቀመ። ይህን የሚያውቅ ሠራተኛ በቀላሉ አይገኝም።

በሩ ላይ ደግሞ ጎበዝ ነው። 6 ሚሊ መስታወት በካሬ ሜትር 15 ኪሎ ይመዝናል። በሁለት ቀጫጭን ማጠፊያ ከተንጠለጠለ ውሎ አድሮ ይወርዳል፣ ጥጉ ላይ ክፍተት ይፈጠራል፣ የአዳማ አቧራ ደግሞ ክፍተት ካገኘ አይመለስም። እሱ ሦስት ወፍራም ማጠፊያ በየደ፣ ዙሪያውን ጎማ አለበሰ። ሲያስረክብ አንድ ወረቀት በሩ መሃል አስገብቶ ዘጋና ሳበ፤ ወረቀቱ ያለችግር ከወጣ ጎማው አልያዘም ማለት ነው። አራቱንም ጎን እንዲህ ፈተሸ።

የኤልኢዲውን ትራንስፎርመር ሙቀቱ እንዳይገባ ከሳጥኑ ውጭ አሰረው። ለፎቶና ለወረቀት ብርሃኑ ከ50 ሉክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ ነው) ባይበልጥ ይመረጣል። እግሮቹ 15 ሳንቲ ከፍ ያሉ ናቸው፤ ለመወልወል ይመቻል፣ ምስጥ ሽቅብ መንገድ ሲሠራም ቶሎ ይታያል።

ዋጋው ከችፑድ ይወደዳል፣ ቀጠሮውም ላይ አንድ ሳምንት ጨምራችሁ አስቡ። ስልኩን አስፈቅደነዋልና በውስጥ መስመር ለጠየቀን እንሰጣለን። ስትሄዱ የዕቃዎቻችሁን ዝርዝር፣ ከምን እንደተሠሩና የትልቁን ቁመት ጽፋችሁ ያዙ።